ፊት የሌለበት የምንጭ ሕግ

አገሩ የት ነው ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ውሃ ወደ ታች የሚፈስበት፣ ቃል ግን ወደ ላይ የማይወጣበት አገር ነው። ስም የፈለገ ራሱ ያውጣለት። የማውቀው አገር ይመስለኛል የሚልም አይጠፋም፤ ይምሰለው።

የአገሩ ላይኛው ክፍል ጉም አምባ ይባላል። ሕግ የሚያወጡት ዘጠኙ ባለ ወንበሮች እዚያ ይኖራሉ። በጉም አምባ ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስከ መኝታ ቤት ዘልቆ ይገባል። ሰው ሲነቃ ፊቱ ረጥቦ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ ጤዛ አርፎበት ነው። በነጠላው ጫፍ ጠረግ ያደርግና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ስለዚህ እዚያ አምባ ላይ "ፊቴን ታጠብኩ" ያለ ሰው ተወልዶ አያውቅም። ቀንና ሌሊት ራሳቸው እንደሚፈራረቁ ሁሉ ፊትም ራሱ ይቆሽሻል፣ ራሱ ይጠራል ብለው ያምናሉ።

ከአምባው ሁለት ቀን ቁልቁል ሲወረድ ደረቅ ወንዝ የሚባል ሸለቆ አለ። ጉም ደርሶበት የማያውቅ፣ አቧራ የሚጨፍርበት፣ ዝንብ እንደ ቅርብ ዘመድ ሳያንኳኳ የሚገባበት ሸለቆ ነው። አንድ ምንጭ አለው። ምንጩም ሕግ አለው። ሕጉ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ከምንጩ አፍ ላይ ቆሟል፤ የሚለውም ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ለመጠጥ፣ ለማብሰያ፣ ለከብት። ፊት አልተጻፈም። ማንም በክፋት አልተወውም፤ ሕጉን የጻፉት ሰዎች ፊት ውሃ እንደሚፈልግ አላወቁም። ይሁን እንጂ ባለማወቅ የተጻፈ ሕግም ሕግ ነው፤ ያልተጻፈው ሁሉ ደግሞ ክልክል ነው።

ክልክል ካለ ሹም አይቀርም። የምንጩ ጠባቂ ባይለየኝ "ፊት ቀማሽ" የሚል ማዕረግ ነበረው። ፊቱ የረጠበ ሰው ባገኘ ቁጥር ያስቆምና በምላሱ ጫፍ ጉንጩን ይቀምሳል። ጨው ጨው ካለ ወይ ላብ ነው ወይ እንባ፤ ሁለቱም የተፈቀዱ ናቸውና ይለቀዋል። ጨው ከሌለው የምንጭ ውሃ ነው፤ ያ ሰው ፊቱ ላይ አመድ ተነስንሶበት እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ይቆማል።

"ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው" ይላል ባይለየኝ አፉን በእጅጌው እየጠረገ። "የናንተን ፊት መላስ ደስ ብሎኝ መሰላችሁ?"

አንጓች በዚህ ሸለቆ ወረንጦ ያዥ ነበረች። በደረቅ ወንዝ ዓይን በአንድ ቀን አይጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሚሞተው። መጀመሪያ ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ ዝንብ ይወርረዋል። ይህ ሲደጋገም የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይጠቀለልና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን መውጋት ይጀምራል። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር መርፌ ነው። አንጓች ቅዳሜ ቅዳሜ ሾላው ሥር ትቀመጣለች፤ ሰው ተራ በተራ ራሱን ጭኗ ላይ ያጋድማል፤ እሷም ወደ ውስጥ የዞረውን ፀጉር አንድ በአንድ ትነቅላለች። በወሩ ጠንክሮ ተመልሶ ይበቅላል። ደግሞ ይመጣሉ።

"እት አንጓች፣ ቀስ በይ እንጂ! ዓይን ነው፣ የበግ ለምድ አይደለም።"

"በግማ ቢሆን ዝም ይል ነበር።"

አፏ እንደ ወረንጦዋ ነው፤ የያዘውን ሳይነቅል አይለቅም። እጇ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ማንንም አላቆሰለም። በእነዚህ ሃያ ዓመታት ሁለት ነገር ከነከናት። አንደኛ፣ ሥራውን ስትጀምር ጭኗ ላይ የሚጋደሙት ባልቴቶች ነበሩ፤ ከዚያ እናቶች ሆኑ፤ አሁን ልጆች እየሆኑ ነው። ሁለተኛ፣ ከአንድ ቤት ማንም መጥቶ አያውቅም። ከባይለየኝ ቤት። ለምን? አንድ ማለዳ እሳት ልትጭር ገብታ መልሱን አየችው፤ የባይለየኝ ስድስት ልጆች በር ላይ ተደርድረው ፊታቸው ውሃ ያንጠባጥባል። እናታቸው ደንግጣ ቅሉን ከቀሚሷ ሥር ደበቀች። ሹሙ አገር ይቀምሳል እንጂ የገዛ ልጆቹን አይቀምስም። አንጓች እሳቷን ይዛ ወጣች፤ ለማንም አልተናገረችም፤ ግን አልረሳችውም።

አንድ ቅዳሜ ወረፋው ሲያልቅ መጨረሻ ላይ ተቀምጣ ያገኘቻት የገዛ ልጇን ማዘንጊያን ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

"አንቺ ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው? ሂጂ እንጨት ልቀሚ።"

"እማ፣ አሸዋ ገብቶብኝ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልወጣ አለኝ።"

አጋደመቻትና የቀኝ ዓይኗን ቆብ ገለበጠች። አሸዋ አልነበረም። አንድ ፀጉር ነው፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ወደ ውስጥ የዞረ። ደግማ አየችው። ነቀለችው።

"ወጣ?"

"ወጣ።"

"አሸዋ ነው አይደል?"

"አሸዋ ነው" አለች እናት።

የሚመጣውን ታውቀዋለች። ዛሬ አንድ፣ ከርሞ አምስት፤ ከዚያ ብሌኑ ላይ ነጭ ይጥላል፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላት በዱላ ትመራለች። ፀጉሩን መንቀል የአንጓች ሥራ ነው፤ ሌላው እንዳይበቅል ማድረግ ግን የውሃ ሥራ ነው። ውሃውን የያዘው ድንጋዩ፣ ድንጋዩን የያዙት ደግሞ ዘጠኙ ባለ ወንበሮች ናቸው።

ለጭቃ ሹሙ ለአያ ሻረው "ወደ ላይ ልወጣ ነው" ብትላቸው ሳቅ አፈናቸው።

"እኔ አልወጣሁም? አርባ አንድ ነገር አስጽፌ አልሄድኩም? ድልድዩን፣ ጅቡን፣ ዓይኑን፣ አይጡን፣ የወፍጮውን ድንጋይ፣ የአማቼን ድንበር ሳይቀር! ምን ብለው መለሱልኝ?"

ምን ብለው እንደመለሱ ሸለቆው ሁሉ ያውቃል። ትልቅ ማኅተም ያለበት መልስ ነበር፤ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ይላል። ለምኑ ደስ እንደሚላቸው ሳይገባቸው ሦስት ቀን ሙሉ ጨፍረዋል።

"እስቲ ለምን እንዲያ እንዳሉ ጠይቄ ልምጣ።"

"ሂጂ እንግዲህ። ከሄድሽ አይቀር ግን ድልድዩን አደራ።"

"ጅቡንም!" አለ አንዱ ከኋላ። "ወፍጮውንም!" አለ ሌላው። በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ የሸለቆውን መከራ ሁሉ ጭነው ሸኟት።

ሁለት ቀን ወጥታ የምክር ቤቱ በር ደረሰች። በሩ ላይ ሦስት ገንዳ ተደርድሮ፣ በመካከላቸው ክንዱን ጠቅልሎ አንድ ሰው ቆሟል። ሊቀ አጣቢ ጥላዬ ይባላል።

"አቤቱታ ነው?" አላት። "ይታጠባል።"

"ምኑ?"

"ቃሉ ነዋ! የባለ ወንበሮች ጆሮ ስስ ነው። ያልታጠበ ቃል ከገባባቸው ያማቸዋል።"

ሥርዓቱን በኩራት አስረዳት። አቤቱታ በቀጭን ጨርቅ ላይ በከሰል ቀለም ይጻፋል። በመጀመሪያው ገንዳ በእንዶድ ታሽቶ የሰውና የቦታ ስም ይለቃል። በሁለተኛው ቁጥርና ዕድሜ ይለቃል። በሦስተኛው እንባና ቁጣ ይለቃል። የተረፈው ገመድ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅም ለባለ ወንበሮቹ ይነበባል። እንግዲህ የዚያ አገር ነገር ይህ ነው፤ ቃል ሦስት ጊዜ ይታጠባል፣ ፊት አንድም ጊዜ።

"ከደረቅ ወንዝ ሻረው የሚባል ሰው መጥቶ ነበር?" አለችው አንጓች።

ጥላዬ ፊቱ በራ። "አቤት እሱን እንዴት አድርጌ አጠብኩት! አርባ አንድ ነገር! ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ እጄ ተላጠ። በመጨረሻ 'ሕዝቡ ብዙ ነገር አለው' የምትል ንጥት ያለች ቃል ወጣችለት።"

አንጓች "እንኳን ደስ ያላችሁ" ከየት እንደመጣች ያን ጊዜ ገባት።

ሌላ መንገድ ስላላወቀች የራሷን አስጻፈች። "ልጄ ማዘንጊያ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዓይኗ ውስጥ ፀጉር በቅሏል። በደረቅ ወንዝ ውሃ እያለ ፊቷን ማጠብ ተከልክላ ሃያ ዓመት ሳይሞላት ልትታወር ነው። አልቅሼ እለምናለሁ" ይላል። ጥላዬ አጠበው። ማዘንጊያ በመጀመሪያው ገንዳ ቀረች፤ ደረቅ ወንዝም ተከትሏት ቀረ። አሥራ አንድና ሃያ በሁለተኛው ቀሩ። መታወሩ፣ ክልከላው፣ ልመናው በሦስተኛው ቀሩ። ገመድ ላይ የተሰጣው "ዓይን ውስጥ ፀጉር በቅሏል" የሚል ብቻ ነበር።

በማግስቱ መልስ መጣ፤ "የበቀለ ሁሉ እንዲለመልም ምክር ቤቱ ይመኛል።"

አንጓች መልሱን ሁለቴ አስነበበችው። ከዚያ በሩ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለመሳደብ ነበር ያሰበችው፤ በቂ ስድብም ነበራት። ነገር ግን ስድቡም መታጠቡ ትዝ ሲላት ተወችው። ስድቡን ስትተው የቀራት "ለምን?" ብቻ ሆነ። በዚህ አገር ነገር ወደ ጆሮ የሚገባው በየት በኩል ነው? ሦስት ቀን ተቀምጣ አየች። ሰው ሁሉ አቤቱታውን አስገብቶ ጎንበስ ብሎ ይወጣል። ባለ ወንበሮቹ ወጥተው ሲያልፉም ሰው ሁሉ ጎንበስ ይልላቸዋል። በሦስት ቀን ብዙ ልመና ሲገባ አየች፤ አንድም ጥያቄ ሲገባ ግን አላየችም።

በሦስተኛው ቀን አዳራሹን የምትጠርገው እትዬ ዝማም አዘነችላትና እፍኝ ቆሎ ሰጥታት አጠገቧ ተቀመጠች።

"እትዬ ዝማም፣ ከነዚህ ከዘጠኙ የኛ የትኛው ነው?"

"የናንተ ማለት?"

"የደረቅ ወንዝ። ወይስ ሁሉም የሁሉም ናቸው?"

ዝማም ቆሎዋን ማኘክ አቆመች። "አርባ ዓመት ስጠርግ ይህን የጠየቀኝ የለም። እያንዳንዱ ወንበር ጀርባው ላይ የሸለቆ ስም ተቀርጾበታል እኮ። አቧራውን የማራግፈው እኔ አይደለሁ? ደረቅ ወንዝ… ከበሩ አራተኛው ነው። የእንግዳወርቅ።"

"እሱስ ያውቃል?"

"በምን አይቶት? ተደግፎት ነው የሚውለው።"

"ክፉ ሰው ነው?"

"ክፉስ አይደለም። አላየም እንጂ። ማለዳ ማለዳ ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻውን ይንሸራሸራል። ግን እንዳትሞክሪው! ያልታጠበ አቤቱታ በአፍ ማሰማት ያሳስራል።"

"መጠየቅስ ያሳስራል?"

ዝማም የቆሎውን ገለባ ከእጇ አራገፈች። "መጠየቅን የሚከለክል ሕግስ አልሰማሁም። ጠያቂ ስላልነበረ ይሆናል።"

በማግስቱ ማለዳ ባለ ወንበር እንግዳወርቅ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል አንጓች አፋፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሸበቶ፣ ፊቱ በጤዛ የሚያበራ ሰው ነው።

"ደህና አደሩ ጌታዬ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ?"

ግራ ቀኙን አየ። "አቤቱታ ከሆነ ሊቀ አጣቢው—"

"አቤቱታ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ዛሬ ፊትዎን በምን ታጠቡ?"

እንግዳወርቅ እጁን ወደ ጉንጩ ሰደደ፤ እርጥብ ነው። "ፊት ይታጠባል እንዴ?"

"ጉም በማይደርስበት አገር የተወለደ ሰውስ ፊቱ በምን ይጠራ ይመስልዎታል?"

"ጉም የማይደርስበት አገር አለ?"

"የወንበርዎን ጀርባ አይተውት ያውቃሉ?"

"የወንበሬን ጀርባ? ምን አለበትና?"

"ቢያዩትስ?"

ሰውየው መቆጣት ነበረበት፤ ማዕረጉ ያዝዘዋል። ግን በሕይወቱ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅምና ጥያቄው እንደ ሚጥሚጣ አፉ ውስጥ ቀረ። እየተጣደፈ ወደ አዳራሹ ሄደ፤ አንጓች ከኋላ። እትዬ ዝማም አራተኛውን ወንበር ገጭ አድርጋ አዞረችው። እንግዳወርቅ ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየዳሰሰ አነበበ።

"ደረቅ… ወንዝ። ይህ ምንድን ነው?"

ባለ ወንበር ሲጠይቅ መመለስ ግዴታ ነው፤ መልስም አቤቱታ አይደለም። አንጓች የጠበቀችው ይህችን ነበር። ሸለቆውን ነገረችው። ዝንቡን ነገረችው። ባይለየኝ እንዴት እንደሚቀምስ ነገረችው። ማዘንጊያ ጭኗ ላይ ተጋድማ "አሸዋ ነው አይደል?" ስትል ምን ብላ እንደዋሸቻት ነገረችው። ስሙ ሁሉ ከነእድፉ፣ ቁጥሩ ሁሉ ከነአቧራው ጆሮው ውስጥ ገባ። እሷ ቀና ብላ ጆሮውን አየች፤ ደህና ነበር።

"ምን ላድርግልሽ?" አላት በመጨረሻ።

በዚህች ቅጽበት ድልድዩ፣ ጅቡ፣ ወፍጮው፣ የአማቹ ድንበር፣ አርባ አንዱም ተሰልፈው ምላሷ ላይ መጡ። ዋጠቻቸው።

"በምንጩ ሕግ ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል። አራተኛ 'ለፊት' የሚል ይጨመርልን።"

"ይኼው ነው?"

"ዛሬ ይኼው ነው።"

እንግዳወርቅ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "በአቤቱታ ያልገባ ነገር እዚህ አንነጋገርበትም። ማክሰኞ በዚያ በር አስገቢው። በዚህ በኩል እኔ እጠብቀዋለሁ።"

ማክሰኞ ጥላዬ እጅጌውን ጠቅልሎ ጨርቁን ተቀበላት። "በምንጩ ሕግ ላይ ለፊት የሚል ይጨመር" ይላል፤ ሌላ የለበትም። በመጀመሪያው ገንዳ ነከረው፤ የሰው ስም ፈለገ፣ አጣ። በሁለተኛው ነከረው፤ ቁጥር ፈለገ፣ አጣ። በሦስተኛው ነከረውና አሸው፣ አሸው፤ እንባ የለም፣ ቁጣ የለም። ጨርቁ እየነጣ በሄደ መጠን ጽሑፉ እየጠቆረ ሄደ።

"ምን ዓይነት አቤቱታ ነው ይኼ?" አለ ላቡን እየጠረገ። "የሚለቅ ነገር የለውም! ሥራዬን ልታስጥይኝ ነው?"

"እጅዎ እንዳይላጥ ብዬ ነው።"

እንዳለ ገመድ ላይ ወጣ፤ እንዳለ ተነበበ።

አዳራሹ ተንጫጫ። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ባለ ወንበር በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። "እኔ ሰባ ዓመት ፊት አለኝ፤ አንድ ቀን ውሃ አስነክቼው አላውቅም። ፊት ራሱ የሚጠራ ነገር ነው!" ሌላው ተነሣና "እኔን የሚያሰጋኝ ወደፊቱ ነው" አለ። "ዛሬ ፊት ከፈቀድን ነገ እግር ይመጣል። ከነገ ወዲያ ሙሉ ሰውየው ይመጣል።"

ያን ጊዜ እንግዳወርቅ ተነሥቶ ወንበሩን አዞረ። ጀርባው ወደ ፊት ሆነ፤ "ደረቅ ወንዝ" የሚለው ጽሑፍ በስምንቱ ላይ አፈጠጠ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም።

"ሴትዮዋ በር ላይ ናት" አለ። "እኔ ልጠይቃት። ስንት ሰው ነው የዓይኑን ፀጉር የምትነቅይለት?"

"ከመምጣቴ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሠላሳ ሁለት ሰው" አለች አንጓች ድምፅዋን ሳታነሣ። "ዘጠኙ አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ስጀምር አንድም ልጅ አልነበረም።"

"ፊት ማጠብ እንደሚበጅ በምን አወቅሽ?"

"በሸለቆው አንድ ቤት አለ። የዚያ ቤት ልጆች ጠዋት ጠዋት ፊታቸው ይረጥባል። ስድስት ልጆች ናቸው፤ አሥራ ሁለት ዓይን። እስከ ዛሬ አንዲት ፀጉር አልነቀልኩም።"

"የማን ቤት ነው?" ሽማግሌው ጮኹ። "ሕግ የጣሰው ማነው? ስሙን ተናገሪ!"

ባይለየኝ ብትል ሰውየው ከነልጆቹ መጥፋቱ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ውሸታም ተብላ ነገሩ ሊወድቅ ነው፤ ማዘንጊያም አብራ። አንጓች በሩ ላይ የተደረደሩትን ገንዳዎች ዞር ብላ አየች።

"ጌታዬ፣ ስም ሳይታጠብ እዚህ ቤት ከገባ ጆሮ ያሳምማል ብለውኛል። ያልታጠበውን ላሰማዎት?"

ሽማግሌው ሁለት ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "አይ! አይ! ተዪው! እዚያው ይቅር!"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እትዬ ዝማም ትሆናለች ይባላል።

በዚያ አገር የሚደግፍ ወንበሩን ወደፊት ይጎትታል፤ የሚቃወም ወደኋላ ይገፋል። መጀመሪያ ሦስት ብቻ ተጎተቱ። እግር ይመጣል ብሎ የሰጋው ሰው ቅድመ ሁኔታ አመጣ፦ ፊት ማለት ከግንባር እስከ አገጭ ይሁን፣ አንገት አይጨምር፤ ለልጆች ብቻ ይሁን፤ ለአንድ ዓመት ይሁን፤ በዓመቱ ምን እንደበጀ ካልታወቀ ቃሉ ይፋቅ። ያን ጊዜ ሁለት ወንበር ሲጥ ሲጥ እያለ ተጨመረ። አምስት ለአራት።

ሸለቆው ቃሉ ሲቀረጽ ሊያይ ወጣ። "ለልጅ ፊት፣ አንገት ሳይጨምር" ይላል አዲሱ መስመር። አያ ሻረው አንገታቸውን አሻሹ።

"ድልድዩስ?"

"አላነሣሁትም።"

"ጅቡስ?"

"እሱንም።"

"አራት ቀን ሄደሽ ተመለስሽ ለአንዲት ቃል? እኔ አርባ አንድ ነገር ይዤ ነበር የወጣሁት!"

"ይዘውት የወጡትንስ አውቃለሁ አያ ሻረው። ይዘውት የተመለሱትን ነው የማላውቀው።"

ባይለየኝ ምንጩ ዳር ቆሞ ነበር። ሰው ሲበተን ቀረብ ብሎ፣ "አንድ ቤት አለ ብለሽ ነበር አሉ" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። "የማን ነው አልሽ?" "አልተናገርኩም" አለች። ቅሏን ተቀበላትና እስኪፈስ ሞላላት። ማዘንጊያ ጎንበስ አለች። ቀዝቃዛው ውሃ ሲያርፍባት የተቆነጠጠች ያህል ጮኸች፤ ከኋላዋ የተሰለፉት ልጆችም እሷን አይተው ገና ሳይነካቸው አለቀሱ። ባይለየኝም ሥራ አላጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹን እያስቆመ አንገታቸውን ይቀምስ ጀመር።

ዓመቱ እንዲህ አለፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንጓች ሾላው ሥር ተቀመጠች። ትልልቆቹ እንደ ድሮው መጡ፤ የነሱ ገና አልተፈቀደም። ልጆቹን ግን ለይታ ትቆጥር ነበር። ከዓመቱ በፊት በነበረው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጭኗ ላይ የተጋደሙት ልጆች ዘጠኝ ነበሩ፤ ዘንድሮ ሁለት። የማዘንጊያን ዓይን በየወሩ ትገለብጣለች፤ ያች አንዲት ፀጉር ሁልጊዜ ተመልሳ ትበቅላለች። እናት የምትፈራው ሁለተኛዋን ነው።

ዓመቱ ሊሞላ ሰባት ቀን ሲቀረው ስንቋን ስትቋጥር አያ ሻረው ደረሱ።

"ደግሞ ወዴት ነው?"

"ጉም አምባ።"

"ቃሉን ሰጡሽ አይደል? አሁን ምን ልትለምኚ ነው?"

"ምንም አልለምንም።"

"ታዲያ?"

"የሰጡን ቃል ምን እንደሠራ ልነግራቸው ነው። ካልነገርናቸው በምን ያውቃሉ? ይፍቁታል እኮ።"

አያ ሻረው በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር አልሰሙም። ከሸለቆው ወደ አምባው የወጣ ሁሉ ለምኖ ተመልሷል፤ የተሰጠው ሰው ሊነግር ተመልሶ ሲወጣ አልታየም። "ምንም ሳይለምኑ ሁለት ቀን ዳገት!" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ከዚያ ድምፃቸውን አለሳለሱ፤ "ከሄድሽ አይቀር ታዲያ ድልድዩን…"

"ለድልድዩ ራስዎ ይውጡ። አራተኛው ወንበር ነው፤ ይጠይቁት፣ ይመልሳል። ግን አርባውን ቤት ትተው ይሂዱ።"

ከመነሣቷ በፊት የመጨረሻ ቆጠራዋን ማዘንጊያ ላይ አደረገች። በብርሃን በኩል አጋድማ የዓይኗን ቆብ ገለበጠች። ፈለገች። ዳር ዳሩን ፈለገች። እንደገና ከጥግ ጀምራ ፈለገች።

"ስንት ነው?" አለች ልጅቷ። አሸዋ አለመሆኑን ካወቀች ቆይታለች።

"አንድ።"

"ያው ነዋ! አምናም አንድ ነበር።"

"ያው መሆኑን እኮ ነው የምንነግራቸው" አለች አንጓች። ያችን ፀጉር ነቀለችና የልጇን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፤ ከግንባር እስከ አገጭ። "ነጠላሽን አምጪ። አንቺም ትሄጃለሽ።"

"እኔ? እዚያ ምን ብዬ እናገራለሁ?"

"ምንም አትናገሪ። እስኪጠይቁሽ ድረስ ዝም ብለሽ እያቸው።"